የአሮጌ መኪና ኩላንት፦ ክርክሩ ቀለሙ ላይ፣ ጉዳቱ ውሃው ላይ

ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ አሮጌ መኪና የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ከባድ ፈተና የሚገጥመው እዚያ ነው። ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ታች በረሃው ይጋረፋል፤ ዳገቱ ረጅም በመሆኑ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ፣ ራዲያተሩ ደግሞ በቂ ነፋስ ሳያገኝ ይወጣል። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን ይዞ ዳር የቆመ ሹፌር በዚያ መንገድ ለሚመላለስ ሰው እንግዳ አይደለም። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ውሃው ከየት እንደተቀዳ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ዕድሜው የገፋ መኪና ራዲያተር ውስጥ ምን ይጨመር? መልስ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ የገባ ሰው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ ፈሳሽ ተደርድሮ ያገኛል። ሻጩ «ቀዩን ነው አረንጓዴውን?» ይለዋል። ጋራዥ ሲሄድ መካኒኩ «ጋሼ፣ እኛ አገር በረዶ የለም፤ ውሃ ይበቃል» ይለዋል። ውጭ አገር ያለው ዘመዱ ደግሞ በስልክ «ከፋብሪካው ውጭ ሌላ እንዳታስነካ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ሁሉም ከልባቸው ነው የሚመክሩት፤ ሁሉም የእውነቱን ከፊል ይዘዋል። የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው። ወሬው ሁሉ በጠርሙሱ ቀለም ዙሪያ ሲሽከረከር፣ አሮጌ ሞተሮችን የሚጨርሱት ሁለት ነገሮች ሳይታዩ ቀርተዋል፦ ከኩላንቱ ጋር የሚቀላቀለው ውሃና ሳይጠገን የሚከርመው ፍሳሽ።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ፣ ያለው ሚኒባስ፣ ያለው ሃይሉክስ ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይኖርበታል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የተጣመመበት ሰው በቀላሉ ሌላ መኪና ልተካ ማለት አይችልም። ጉዳዩ የማይመለከተው በነፋስ የሚቀዘቅዘውን የቀድሞውን ቮልስዋገን ብቻ ነው፤ እሱ ራዲያተር የለውም።

ፈሳሹ ምን ይሠራል?

ኩላንት ሦስት ሥራ አለው፦ ውሃው በብርድ እንዳይረጋ ማድረግ፣ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ማድረግና ብረቱን ከዝገት መጠበቅ። መሠረቱ ኢትሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ነው። ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ሲቀላቀል ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አይረጋም። ይህ ፈሳሽ በሰፊው የታወቀው በብርዳማ አገሮች ነው፤ በአሜሪካ ፕሬስተን የተባለው ምርት እ.ኤ.አ. በ1927 ገበያ ላይ ዋለ፣ በጀርመን ደግሞ ግላይሳንቲን በ1929 የፈጠራ መብት ተመዘገበለት። በሚኒያፖሊስ ወይም በቶሮንቶ ለሚኖር ወገናችን ዛሬም የመጀመሪያው ሥራ ዋናው ነው፤ ያለ እሱ ክረምት ላይ ሞተሩ ይሰነጠቃል። ለእኛ ግን፣ ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ የውርጭ ሌሊቶች በቀር፣ ብዙም አያሰጋም። «ውሃ ይበቃል» የሚለው ምክር የተወለደው ከዚህ ነው። ስህተቱ ሁለቱን ቀሪ ሥራዎች መርሳቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ እኛ ዘንድ ይከብዳሉ እንጂ አይቀሉም።

መፍላትን እንይ። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መኪናው የሚተርፈው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ በዚያ ግፊት አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፣ እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ደግሞ ከ120 ዲግሪ ያልፋል። አሁን ክዳኑ ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ አቆመ እንበል። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ ቴርሞስታቱ፣ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምርና 95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ውሃው ግን በ92 ፈልቷል። ማለትም ክዳኑ የላላና ውሃ ብቻ የያዘ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈላው የማቀዝቀዣው በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ነው። እንጦጦን ሲወጣ የፈላ መኪና ራዲያተር ከመቀየሩ በፊት ክዳኑ መታየት ያለበት ለዚህ ነው። ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሆኑት አንዱ ክዳን ነው።

ሦስተኛው ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። የአሮጌ ኮሮላ ሞተር ብሎኩ የብረት፣ ቴስታታው የአሉሚኒየም ነው፤ ነባሩ ራዲያተር ደግሞ መዳብና ናስ ሆኖ በእርሳስ ብየዳ የተያያዘ ነው። እነዚህ የተለያዩ ብረቶች አንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ በመካከላቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ደካማው ብረት ይበላል። ተጎጂው በአብዛኛው አሉሚኒየሙ ነው፤ ቴስታታው ጋስኬቱ በሚያርፍበት አካባቢ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ብሎኩ በበኩሉ ይዝግና ቀይ ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ኩላንት ውስጥ ያሉት ዝገት ተከላካይ ኬሚካሎች ይህን ለመግታት የተጨመሩ ናቸው። ግላይኮሉ ራሱ ዝገት አይከላከልም፤ እንዲያውም ሲያረጅ ወደ አሲድነት ይለወጣል። ስለዚህ ለዓመታት ያልተቀየረ ኩላንት ቀለሙ ቢያምርም መከላከያው አልቆ ሊሆን ይችላል።

አራት ምክሮች ሲመዘኑ

«ውሃ ይበቃል» የሚለው ምክር አንድ እውነት አለው፦ ሙቀትን በመሸከም ውሃን የሚያህል የለም። እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኩላንት በኪሎ የሚሸከመው ሙቀት ከንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ ኩላንት በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለትም አይደለም። ሳይበረዝ የገባ ጥሩ ኩላንት ሞተሩን በሚገባ ስለማያቀዘቅዘው እንዲሞቅ ያደርገዋል፤ የሚገርመው፣ ሳይበረዝ ከሆነ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ለደጋችንም ለቆላችንም ከ30 እስከ 50 በመቶ ያለው መጠን ይበቃል። ከ30 በታች ሲወርድ የዝገት መከላከያው ይሳሳል፣ ከ60 በላይ ሲወጣ ማቀዝቀዙ ይደክማል።

«ቀለሙን አይተህ ጨምር» የሚለው ምክር ደግሞ በጣም የተለመደውና በጣም የሚያሳስተው ነው። ቀለም ፍሳሽ እንዲታይና አንዱ ምርት ከሌላው እንዲለይ የሚጨመር ማቅለሚያ ነው፤ ዓለም የተስማማበት የቀለም ሕግ የለም። የአንዱ ድርጅት አረንጓዴ የድሮው ዓይነት፣ የሌላው አረንጓዴ አዲሱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መለየት ያለበት ውስጡ ያለው መከላከያ ኬሚካል ነው። እሱም በጥቅሉ በሦስት ቤተሰብ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ነባሩ ነው፤ ሲሊኬትና ፎስፌት የመሰሉ ማዕድናዊ ጨዎችን ይይዛል። ብረቱን ሁሉ በፍጥነት በስስ ሽፋን ይለብጣል፣ ለመዳብ ራዲያተርና ለእርሳስ ብየዳም ይስማማል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ሁለት ዓመት ወይም 40,000 ኪሎ ሜትር ልኩ ነው። ሁለተኛው በኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራው ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ሞዴሎቹ ላይ ዴክስኩል በሚል ስም ያስፋፋው ብርቱካናማ ኩላንት ምሳሌው ነው። መከላከያው መዛግ የጀመረው ቦታ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ቀስ ብሎ ያልቃል፣ አምስት ዓመት ይቆያል። ይሁን እንጂ መጠኑ ጎድሎ አየር ሲገባበት ዝቃጭ ይሠራል። መጠኑ እየጎደለ ለሚነዳ አሮጌ መኪና፣ በተለይም በእርሳስ የተበየደ ራዲያተር ላለው፣ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው ድብልቁ ነው፤ ውሃው ለምን ወሳኝ እንደሆነም እዚህ ላይ ይገለጣል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ኦርጋኒክ አሲዱን ከሲሊኬት ጋር ቀላቀሉ፣ ፎስፌትን ግን ተዉት። ምክንያቱም የብዙ አውሮፓ ከተሞች ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛዋል፤ ፎስፌት ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ ድንጋይ ሆኖ ይረጋል። ጃፓኖች በተቃራኒው ፎስፌቱን ይዘው ሲሊኬቱን ተዉ፤ ሲሊኬት የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ ይበላል ብለው ስለሚሰጉ። የቶዮታ ቀይና ሮዝ ኩላንቶች ከዚህ ከጃፓኑ ወገን፣ ፎስፌት ያለባቸው ናቸው። አገራችን በቶዮታ የተሞላ ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ ወይም መቀሌ ውስጥ፣ የኖራ ድንጋይ ሰንጥቆ የወጣ የጉድጓድ ውሃ ባለበት ከተማ፣ አንድ ባለ መኪና ጥሩ ቀይ ኩላንት ገዝቶ ከቧንቧ ውሃ ጋር ቢቀላቅለው፣ ገንዘቡን ከፍሎ ራዲያተሩ ውስጥ ድንጋይ እያበቀለ ነው።

ሦስተኛው ምክር «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠውን ጨምር የሚለው ነው። ሁለት ዓይነት ኩላንት መቀላቀል ሞተርን በአንድ ቀን አያጠፋም፤ ግን የሁለቱም መከላከያ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ሲሊኬቱ እንደ ሙጫ ረግቶ ጠባቡን መንገድ ይዘጋል። የተቀላቀለው ሁሉ የአገልግሎት ዘመኑ የአጭሩ ዘመን ነው ብሎ መያዝ ይበጃል። «ለሁሉም የሚሆን» የተባለው ኩላንት የሚረዳው ውስጡ ምን እንዳለ ለማይታወቅ መኪና ነው፤ እሱም አሮጌው ተደፍቶ፣ ሥርዓቱ ታጥቦ ከተሞላ ብቻ።

«ከፋብሪካው የመጣውን ብቻ» የሚለው አራተኛው ምክር አያሳስትም፤ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ጠባብ ነው። ዋናው ነገር የፋብሪካው ስም ሳይሆን የተሟላው ደረጃ ነው። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የጃፓኑ ጄአይኤስ ኬ 2234 ወይም የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ 3306 ተጽፎ ሲገኝ ለአነስተኛ መኪና የሚሆን፣ የዝገት ፈተና ያለፈ ኩላንት ነው የሚል ቃል አለ ማለት ነው። ደረጃ ያልተጻፈበትን፣ ቀለሙን ብቻ የሚያሳይ ጠርሙስ መግዛት አይገባም።

በመኪና ዓይነት ብንከፍለው፣ ሮዙ ከመምጣቱ በፊት ለተሠሩት ኮሮላ፣ ሃይሉክስና ሚኒባስ ቀዩ ወይም ያንኑ የጃፓን ደረጃ የሚያሟላ ኩላንት ተስማሚ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ለመጡት ቶዮታዎች የተዘጋጀው ሮዝ ብዙ ጊዜ ተበርዞ የሚሸጥ ነውና ሌላ ውሃ አይጨመርበትም። ለአሮጌ ላዳ፣ ፔጆና ፊያት ሲሊኬት ያለው፣ ፎስፌት የሌለው ነባር ዓይነት ይመረጣል። ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ግን ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ሲሊንደሩ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ሲቆም ንዝረቱ የሚፈጥራቸው ጥቃቅን አረፋዎች ግድግዳውን እየቦረቦሩ ይበሱታል። ለእነዚህ የከባድ መኪናው ደረጃ፣ ኤኤስቲኤም ዲ 6210፣ ያስፈልጋል።

ግማሹ ውሃ ነው

ራዲያተር ውስጥ ካለው ፈሳሽ ቢያንስ ግማሹ ውሃ ነው። ስለዚህ ኩላንት መምረጥ ውሃ መምረጥም ነው። ምርጡ የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው ውሃ ነው፤ ባትሪ የሚሞሉ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ባትሪ ቤት የሚሸጡት ፈሳሾች ሁለት ናቸው፣ አንዱ ውሃ፣ ሌላው አሲድ። አሲዱ ራዲያተር ውስጥ ከገባ አሉሚኒየሙን ይጨርሰዋል፤ እጅንም ያቃጥላል። ስሙን አረጋግጦ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ መግዛት ነው።

የተጣራ ውሃ ከጠፋ ቀጥሎ ያለው የዝናብ ውሃ ነው። ከዛገ ቆርቆሮ ሳይሆን በንጹሕ ፕላስቲክ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ካጠበ በኋላ ቢቀዳ ማዕድኑ እጅግ አነስተኛ ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ግን ንጹሕ ስለሆነ ብቻ አይሻልም፤ ለመጠጥ የሚጣፍጠው ማዕድን ስላለው ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ውሃው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚወጣው በማዕድን ይለያያሉ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚሠራ ውሃ ራዲያተር ውስጥም ያንኑ ይሠራል፤ ይህ ያለ ላቦራቶሪ የሚታይ ምርመራ ነው። ሌላ ምርጫ ከታጣ ውሃውን አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ቀድቶ መጠቀም የተወሰነውን ማዕድን ይቀንሳል።

የጉድጓድ ውሃ ባለባቸው ከተሞች ለሚኖሩ ሁሉ ቀላሉ መንገድ ተበርዞ የተዘጋጀውን መግዛት ነው። በሊትር ይወደዳል፤ ግን አንድ ራዲያተር ከማስጠገን ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም።

አጨማመር

የሞቀ ራዲያተር አይከፈትም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ በግፊት ብቻ የታሰረ ስለሆነ ክዳኑ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ ይረጫል። መንገድ ላይ የፈላ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ተይዞ እስኪቻል ይጠበቃል። ትኩስ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል። በረሃ ላይ የቆመ ሰው ያገኘውን ንጹሕ ውሃ ቢጨምር አይወቀስም፤ ቤቱ ሲደርስ ግን ማስተካከል አለበት።

በአዘቦቱ ቀን መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ የማጠራቀሚያው መጠን በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑ ይታያል። በአሮጌ መኪና ግን ይህን ብቻ ማመን አይቻልም። ክዳኑ ወይም ወደ ማጠራቀሚያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ከተበላሸ ማጠራቀሚያው ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ራዲያተሩ ራሱ ይከፈትና ይታይ።

የጎደለውን በውሃ ብቻ መሙላት ምን እንደሚያደርስ ሒሳቡ ያሳያል። ስድስት ሊትር የሚይዝ ሥርዓት ውስጥ እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኩላንት አለ እንበል። አንድ ሊትር ፈስሶ በአንድ ሊትር ውሃ ቢተካ ኩላንቱ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ወደ 35፣ ሦስተኛ ጊዜ ከ29 በታች። በሦስት ሊትር ውሃ ብቻ መኪናው ከሚጠበቅበት ልክ ወጣ። ቀለሙ ግን አሁንም ቀይ ነው፤ ባለቤቱ ኩላንት አለኝ ብሎ ይነዳል። ስለዚህ መጨመሪያው ራሱ ቀድሞ በትክክል የተበረዘ መሆን አለበት።

ከዚህም በላይ፣ ጤናማ ሥርዓት ዝግ ነው፤ በየሳምንቱ አይጠጣም። ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ የሚያስፈልገው ኩላንት ሳይሆን ጥገና ነው። ምልክቶቹ ይታወቃሉ፦ ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ነጭ ወይም ባለ ቀለም ቅርፊት፣ የውሃ ፓምፑ ሥር ጠብታ፣ ከሂተሩ በኩል የረጠበ ምንጣፍና ጣፋጭ ሽታ። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ወይም ራዲያተሩ ሞተሩ ሲነሣ አረፋ ከሠራ ጋስኬቱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ፍሳሽ ለመድፈን የሚጨመሩ ዱቄቶች የሂተሩንና የራዲያተሩን ጠባብ ቱቦዎችም ይደፍናሉ።

ሙሉ ለሙሉ ሲቀየር አሮጌው ከራዲያተሩም ከብሎኩም ይደፋል። በውሃ ተሞልቶ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይሠራል፣ ሲቀዘቅዝ ይደፋል፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ይደጋገማል፣ የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ውሃ ይሆናል። ብሎኩ ውስጥ ውሃ ስለሚቀር ሥርዓቱ ከሚይዘው መጠን ግማሹን ያህል ያልተበረዘ ኩላንት መጀመሪያ ማስገባት፣ ቀሪውን በተጣራ ውሃ መሙላት ልኩን ይጠብቃል። ከዚያ ሂተሩ ወደ ሙቅ ተደርጎ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይነሣል፤ አየሩ እስኪወጣ እየተሞላ ይጠበቃል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ እንዲመለስ መንገድ ይከፍታል።

ሐሰተኛውና መርዛማው

ቀለም የተነከረ ውሃ ኩላንት ተብሎ ይሸጣል። አንዱን ዓይነት ማጭበርበር በቤት ማወቅ ይቻላል፦ ያልተበረዘ ነው የተባለውን እኩል ለእኩል በውሃ በርዞ፣ በጥብቅ በታሸገ ዕቃ፣ ከምግብ ተለይቶ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር። ጠጣር በረዶ ከሆነ ተጭበርብሯል። ፈሳሽ ሆኖ ካደረ ጥሩ ምልክት ነው፤ የዝገት መከላከያው መኖሩን ግን አያረጋግጥም። ለዚያ የጠርሙሱ ደረጃና የታመነ ሻጭ ያስፈልጋሉ።

ኢትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው። ለአዋቂ ሰው አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ብዙዎቻችን የተረፈውን ኩላንት ሃይላንድ ውስጥ ጨምረን መኪና ወይም ጓዳ ውስጥ እናስቀምጣለን። ቀይ መጠጥ የሚመስል ጣፋጭ ነገር በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ በልጆች ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። ከራሱ ጠርሙስ አይውጣ፤ የተደፋውም ውሻና ከብት የሚጠጣበት ቦይ ውስጥ አይፍሰስ። የቀመሰ ሰው ካለ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ፍርዱ

የትኛው ቀለም ነው የሚለው ጥያቄ በሦስት ጥያቄዎች መተካት አለበት፦ መኪናዬ ምን ደረጃ ይጠይቃል? የምቀላቅለው ውሃ ማዕድኑ ስንት ነው? መጨመር ለምን አስፈለገኝ? ሦስተኛው ከሁሉም ይቀድማል፤ የሚያፈስስ መኪና ውስጥ የሚገባ ምርጥ ኩላንት መሬት ላይ የሚፈስ ገንዘብ ነውና። ፍሳሹ ይጠገን፣ ክዳኑ ይቀየር፣ ሥርዓቱ ይታጠብ፤ ከዚያ ደረጃውን ያሟላ ኩላንት በተጣራ ውሃ ተበርዞ ይግባ፣ በሁለት ዓመት ይቀየር።

ይህ በባለ መኪናው ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። አስመጪዎች የኩላንቱን ዓይነት፣ ደረጃውን፣ የተበረዘ መሆን አለመሆኑንና የመርዝ ማስጠንቀቂያውን በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ጠርሙሱ ላይ ሊጽፉ ይገባል። ጋራዦች ደግሞ የዘይት ቅያሪ ቀንን እንደሚጽፉ ሁሉ፣ የገባውን የኩላንት ዓይነትና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ኮፈኑ ሥር ቢለጥፉ ቀጣዩ መካኒክ በቀለም መገመቱ ይቀራል። ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው፤ የሚያድነው ሌላ የማይተካለት መኪና ነው።